ልጄ የወደደችው ውሻ እረኛ ነው፤ እንውሰደው ወይ?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ ቀን። ልጆቻችን ሁለት ናቸው፤ ሴቷ 11 ዓመቷ፣ ወንዱ 5። ቤታችን ታውንሃውስ ነው፤ ከኋላ ጠባብ ግቢ አለው። ልጄ ውሻ ስትለምነን ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር ሰው የተዋቸውን ውሾች የሚያስጠጋ አንድ ማኅበር ዘንድ አንድ ውሻ አየችና ልቧ እዚያው ቀረ። የቦርደር ኮሊና የአውስትራሊያን ሼፐርድ ድቅል ነው፤ 14 ወሩ ነው። ሄደን አየነው። በጣም ያምራል፣ ዓይኑ ይናገራል። ግን “ጉልበተኛ ነው፣ ሥራ ይፈልጋል” ብለው ጽፈውበታል። ሁለት ቤት ገብቶም ተመልሷል። እኛን ደግሞ የጥያቄ መዓት አወረዱብን፤ እንደ ወንጀለኛ የተመረመርኩ መሰለኝ። በዚያ ላይ አማቴ ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ መጥተው ስድስት ወር ሊቆዩ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ ማየት አይወዱም። ባለቤቴ “ውሻ ውሻ ነው፣ ይለምዳል” ይላል። እኔ ፈርቻለሁ። ቅዳሜ መልስ እንድንሰጥ ይጠብቃሉ። ምን ትመክሪኛለሽ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀድም። ቅዳሜ የማደጎውን ውል አትፈርሙ። ውሻውንም ግን ገና አትተዉት። “መጀመሪያ በፎስተር ወስደን እንየው” በሏቸው። ብዙ ማኅበራት ይህን ይፈቅዳሉ። ውሻው ለጥቂት ሳምንታት እናንተ ዘንድ ይቆያል፣ በወረቀት ግን የእነሱ ነው። ካልተስማማችሁ ይመለሳል። እሱንም ቢሆን ከአማትሽ መምጫ ጋር አታጋጩት። ምክንያቴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ባለቤትሽ “ውሻ ውሻ ነው” ማለቱ አይገርመኝም። እኛ ስናድግ ያየነው ውሻ አንድ ሥራ ነበረው፤ መጠበቅ። ቀን በር ላይ ይተኛል፣ ማታ ይጮኻል፣ ገጠር ከሆነ ጅብ ያባርራል። ከብቱን የሚነዳው ውሻው አይደለም፣ ዱላ የያዘ ልጅ ነው። እረኛው ልጁ፣ ዘበኛው ውሻው። እናንተ ያያችሁት ውሻ ግን እረኛው ራሱ ነው። ዘበኛ አንድ ነገር እስኪመጣ ተኝቶ ይጠብቃል። እረኛ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ አያርፍም። አንዲት በግ ፈንጠር ስትል ሮጦ ይመልሳል።

የቦርደር ኮሊ አገሩ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ድንበር ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ከድንበሩ ነው። በ1893 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ኦልድ ሄምፕ የሚባል ውሻ ተወለደ። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው እሱ ጋ ይደርሳል። ሄምፕ በጎቹን የሚነዳው እየጮኸ አልነበረም። ዝቅ ብሎ፣ አፍጥጦ እያየ ነበር። እረኞቹ ያንን ዓይን ወደዱትና ከእሱ አራቡ። በ1906 የእረኛ ውሾች ማኅበር ሲያቋቁሙም የሚያስጨንቃቸው የውሻው መልክ አልነበረም፣ ሥራው ነበር። አውስትራሊያን ሼፐርድ ደግሞ ስሙ ያሳስታል እንጂ ዘሩ የጎለበተው እዚያው እናንተ ባላችሁበት በምዕራብ አሜሪካ፣ በከብትና በበግ እርባታዎች ላይ ነው። ልጅሽ የወደደችው ውሻ በሁለቱም ወገን የእረኛ ልጅ ነው ማለት ነው። በእናትም በአባትም።

እኔም ቤት አንድ እረኛ አለ። ስሙ ቡሬ ነው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለሆነ አባቴ በስልክ ያወጣለት ስም ነው፤ በሬ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚባለው። ከመጠለያ የወሰድኩት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔም “ጉልበተኛ ነው” ብለውኝ ነበር። እኔም ጉልበቱን ላደክም ተነሣሁ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ኳስ እወረውርለታለሁ፣ ማታም እንዲሁ። ሁለት ወር እንዲህ ቆየን። ቡሬ ግን አልደከመም። ጭራሽ የሠለጠነ ሯጭ ሆነ። ቤት ገብቶም አይተኛም። ኳሱ የተቀመጠበት ቁም ሣጥን ላይ እንዳፈጠጠ ያመሻል። ማታ ማታ አለቅስ ነበር፤ ውሻው እየተሠቃየ እንደሆነ ይታየኛል፣ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። በመጨረሻ አንዲት አሠልጣኝ መጥታ አየችውና “ኳሱን ደብቂው። ይህ ውሻ ሩጫ አልጎደለውም፣ ማረፍ ነው ያልቻለበት” አለችኝ።

ይህን ነው ለባለቤትሽ በደንብ አስረጂልኝ የምልሽ። የዚህ ውሻ ትልቁ ችግር የግቢያችሁ ጥበት አይደለም። ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎችም እየመለሱት ነው። ግቢ ውስጥ ብቻውን የተለቀቀ እረኛ ሥራ አያገኝም፣ ሥራ ይፈጥራል እንጂ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይሉ የለ። አጥሩን ይዞ ከመንገድ መኪና ጋር እየተሯሯጠ ይጮኻል። ጥላ ያሳድዳል። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ካየ ቀኑን ሙሉ እሱን ይጠብቃል። ለዚህ ነው ሌዘር ላይት እንዳታጫውቱት የምለው፤ እነዚህ ውሾች ላይ ልማዱ በሽታ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ዋናው የአእምሮ ሥራ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ ነበረች። ጡረታ የወጡ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር፣ ጆን ፒሊ፣ በየቀኑ እያስተማሯት ከ1,000 በላይ የመጫወቻ ስም ለየች፤ ጥናታቸው በ2011 ታትሟል። የእናንተው ቼዘርን መሆን የለበትም። ግን እንዲህ ያለ ጭንቅላት ተዘግቶ ሲውል ምን እንደሚሆን አስቢው።

ምግቡን በሳህን አትስጡት። ሣሩ ላይ በትኑለትና በአፍንጫው እየለቀመ ይብላ። ወይም አሮጌ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ይፍታው። በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ አንድ ነገር አስተምሩት። ስትወጡ አሥር ሜትር በሚሆን ረጅም ገመድ አስራችሁ እያሸተተ በራሱ ፍጥነት ይሂድ። ማሽተት ከሩጫ ይበልጥ ያረጋጋዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ምንጣፍ መድቡለትና እዚያ ላይ መተኛትን ራሱን እንደ ትምህርት አስተምሩት። ተጋድሞ ዝም ሲል፣ በእርጋታ ጉርሻ ጣል ታደርጊለታለሽ። ቡሬን ያዳነው ይሄ ምንጣፍ ነው። ትልቅ ውሻ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ቢተኛ ጤና ነው። እረኛ ግን ካላስተማሩት አይተኛም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ትንሹ ልጅሽ።

የአምስት ዓመት ልጅ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ደግሞ ሁሉም ወዲያና ወዲህ ይበታተናሉ። ለዚህ ውሻ ያ የተበተነ መንጋ ነው። መጀመሪያ ያፈጣል። ቀጥሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ድመት ያደባል። ከዚያ ይዞራቸዋል። አልቆም ካሉ ተረከዝ ላይ በጥርሱ ቆንጠጥ ያደርጋል። ክፋት የለበትም። የአውሬ አደን ነው፤ ሰው እየመረጠ ሲያራባው ማፍጠጡ፣ ማድባቱና ማሳደዱ እንዳለ ቆየ፣ መግደሉ ተወገደ። ለልጅ ግን ጥርስ ጥርስ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አንዴ ከደነገጠ ዕድሜ ልኩን ውሻ ሊፈራ ይችላል።

ስለዚህ በፎስተሩ ጊዜ ልጁና ውሻው ለብቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይቀሩ። የሕፃን መከላከያ በር ግዙ። ልጆች ሲሯሯጡ ውሻው ከበሩ ወዲያ ይሁን፤ የሚያኝከው ነገር ስጡት። ትንሹን ደግሞ “እንደ ዛፍ ሁን” የሚለውን ጨዋታ አስተምሩት። ውሻው ሲከተለው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ያጥፋል፣ ወደ ላይ ያያል። የማይንቀሳቀስ በግ ለእረኛው አያጓጓም። እናንተ ትልልቆቹ ደግሞ ጥርሱን አትጠብቁ። ሥራው የሚጀምረው ዓይኑ ሲያፈጥ ነው። አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ስሙን ጥሩ፣ ሲዞርላችሁ ሸልሙት።

አትምቱት። በዱላ፣ በጫማ፣ በጩኸት የተገራ ውሻ ሁላችንም አይተናል፤ ያደግነውም ይህ ትክክል ነው ሲባል ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም ለሁሉም ውሻ፣ አስቸጋሪ ባሕርይ ላለውም ጭምር፣ በሽልማት ማሠልጠንን ነው የሚመክረው። በተለይ እነዚህ እረኞች ስሜታቸው ስስ ነው። አንዴ ከጮኽሽበት ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ሊውል ይችላል። ስትመቺው ልጁን ማሳደድ አይተውም። ልጁ ባለበት ዱላ እንደሚመጣ ነው የሚማረው። ያ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ሁለት ጊዜ ተመልሷል ብለሻል። ይህን በክፉ አላየውም፣ ግን ምክንያቱን ሳትጠይቂ አትመለሺ። 14 ወር የውሻ ጉርምስና ነው። ቡችላነቱ ያልቃል፣ ጉልበቱ ይመጣል፣ ልቡና ገና ነው። ሰው የሚሰለቸውም በዚህ ዕድሜ ነው። “ጊዜ አጣን” ብለው ከመለሱት አንድ ነገር ነው። “ልጅ ነከሰ” ካሉ ሌላ። አሁን ውሻውን በቤታቸው የሚያቆዩትን ሰዎች ስልክ ጠይቂና ራስሽ አነጋግሪያቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ምን ያደርጋል? ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል፣ ዕቃ ይቀዳድዳል? ብስክሌት ሲያይ ምን ይሆናል? ትንሽ ልጅ አይቶ ያውቃል? ሰው ሲያርፍ እሱም ያርፋል? ለእኔ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

የጥያቄው መዓት እንዳስቀየመሽ ገብቶኛል። ከእኛ አገር የመጣ ሰው ቤቱን፣ ሥራውን፣ ሰዓቱን ሲጠየቅ ሆዱ ይሻክራል፤ ውሻ ለመውሰድ ይህ ሁሉ ለምን? ነገር ግን እነሱም ሁለቴ ሲመለስ አይተውታል። ሦስተኛ እንዲመለስ አይፈልጉም። አጥራችሁን የሚለኩት እናንተን ንቀው አይደለም፤ አራት ጫማ አጥር እንዲህ ያለ ውሻ በቀላሉ ይዘለዋል። በነገራችን ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ አንብቡ፣ ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ውሉም ብዙ ጊዜ “ማቆየት ካልቻላችሁ ለእኛው መልሱ” ይላል። ያ ለእናንተም ለውሻውም ዋስትና ነው።

አሁን ደግሞ ሰዓታችሁን ልይ። ባለቤትሽ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል። አንቺ ትወጫለሽ። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ቤቱ ባዶ አይደለም፣ ግን የነቃ ሰው የለበትም። እዚህ ላይ እውነቱን ለራሳችሁ ተናገሩ። ጥር ላይ፣ በረዶ በጣለበት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት 40 ደቂቃ ይዞት የሚወጣው ማን ነው? “ልጄ” እንዳትዪኝ። የ11 ዓመት ልጅ ማስተማር ትችላለች፣ መቦረሽ ትችላለች፣ ምግቡን መበተን ትችላለች፤ ደግሞም ልጆች በዚህ ጎበዞች ናቸው። ኃላፊው ግን ትልቅ ሰው ነው። ይህ ዓይነት ውሻ 12፣ 15 ዓመት ይኖራል። እሷ ኮሌጅ ስትገባ ውሻው እናንተ ጋር ነው። ባለቤትሽ ከሥራ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት አውጥቶት አብረው ቢተኙ ግን እንዲያውም መልካም ነው። ፀጥ ያለ ቤት ለአዲስ ውሻ ስጦታ ነው።

አማትሽን በተመለከተ ከባለቤትሽ በፊት የሚጠይቃቸው ሰው ሊኖር አይገባም። እሱ ይደውልላቸው። መጥተው በር ሲከፍቱ ውሻ ቢዘልባቸው ውርደት ነው፣ የእሳቸውም የእናንተም። እሳቸው ውሻ ቤት አይገባም ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ሲገድል የሚያውቅ ትውልድ ናቸው። ለጸሎትም የሚጠነቀቁት ነገር አለ። ስለዚህ የእሳቸው መኝታ ክፍልና የሚጸልዩበት ቦታ ውሻው ጭራሽ የማይደርስበት ይሁን። በር ይኑረው። የክትባቱን ወረቀትም አሳዩዋቸው፤ መከተቡን በዓይን ማየት ያረጋጋል።

ጊዜው ግን ያሳስበኛል። የመጠለያ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ። ውሻው በሦስት ቀን ድንጋጤው ይቀንሳል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለያል፣ በሦስት ወር ቤቴ ነው ይላል። በልክ የተሰፋ ሕግ አይደለም፣ ግን በግምት እውነት ነው። አማትሽ የሚመጡት በሁለት ወር ነው። ውሻው ገና ቤቱን ሳይለምድ አዲስ ሰው፣ አዲስ ድምፅ፣ የሚወዛወዝ የነጠላ ጫፍ፣ እንግዳ የሚመላለስበት ቤት ይገጥመዋል። እሳቸውም በስደት አገር፣ በልጃቸው ቤት፣ ሰላም ያጣሉ። እኔ ብሆን ወይ በዚህ ሳምንት ፎስተሩን ጀምሬ በስድስተኛው ሳምንት ቁርጡን እወስናለሁ፣ ወይ እሳቸው እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። አማትሽ በስልክ “እንዳታመጡት” ካሉ ደግሞ መጠበቁ ይሻላል። ለእሳቸው ብሎ እስኪመለሱ መታገሥ ትልቅ ዋጋ አይደለም።

እሺ ካሉ ግን ስለ ማዕድ ቤት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኛ እናቶች ፍቅራቸውን የሚገልጹት በማብላት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ውሻውንም ያጎርሱታል፣ አይቼዋለሁ። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል፤ ቢበስልም ያው ነው። የዶሮ ወጥ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ አይቀመሱም። ቡና ሲቆላ የወደቀ ፍሬ፣ የተደፋ አተላም ይለቀም፤ ካፌይኑ ይመርዘዋል። ለእማማ ሌላ ነገር ስጧቸው። ያለ ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በትንሽ ሳህን፣ ወይም ካሮት። ውሻው ምንጣፉ ላይ ሲተኛ እሳቸው ይጣሉለት። በሁለት ሳምንት ማንን እንደሚከተል ታያላችሁ።

አንድ የሕክምና ነገር አለ፣ እንዳትረሺው። በአውስትራሊያን ሼፐርድና በኮሊ ዘሮች ውስጥ ኤምዲአር1 የሚባል የዘር ለውጥ በብዛት አለ። ያለበት ውሻ አንዳንድ መድኃኒት አይችልም፣ አንጎሉን ይመርዘዋል። የጥገኛ ትላትል መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን በብዛት ሲሰጥ አንዱ ነው። ለተቅማጥ ሰው የሚወስደው ሎፔራማይድ፣ ኢሞዲየም የምንለው፣ ሌላው ነው። ምርመራው በአፍ ውስጥ በሚታሽ ጥጥ ይሠራል። የእንስሳት ሐኪሙን መጀመሪያ ቀን ጠይቂው። እስከዚያ ድረስ ከቤት መድኃኒት አንድም ነገር እንዳትሰጡት።

ፎስተሩ ካልተሳካስ? ትንሹ ልጅሽ ሶፋ ላይ ወጥቶ መውረድ ከፈራ፣ ወይም ውሻው ከሳምንታት በኋላም ማረፍ ካልቻለ፣ መልሱት። ይህ ክህደት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ቤት እውነተኛ ወሬ ይዛችሁለት ትመለሳላችሁ። እዚያው ሳላችሁም “ልጅ የለመደ፣ አምስት ስድስት ዓመት የሆነው እረኛ አላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ዕድሜ ዓይኑ ያው ነው፣ ብልሃቱም ያው፣ ግን ሰከን ብሏል። እውነቱን ልንገርሽና ለእናንተ ቤት እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሰው ግን ቡችላና ወጣት ስለሚፈልግ እነሱ ቆመው ይቀራሉ። ለልጅሽም አሁኑኑ ንገሪያት። “እንሞክራለን፣ ለእሱም ለወንድምሽም ካልሆነ እንመልሰዋለን” በያት። 11 ዓመቷ ነው፣ ይገባታል። ሳይነግሯት ከሚወሰድባት ይሻላል።

ቅዳሜ ስትሄዱ ኳስ እንዳትይዙ። ሁላችሁም ሂዱ፣ ትንሹም ይምጣ፣ እጁን ግን ያዢው። ውሻው መጀመሪያ ይዘላል፣ ይዞራል፣ ያ ምንም አይነግርሽም። ወንበር ስበሽ ተቀመጪና ዝም በይው። ወሬ አውሩ፣ ስልክሽን እይ። ሃያ ደቂቃ ጠብቂ። በዚያ መሃል አንዴ እንኳ ትንፋሽ ወስዶ ጎኑን መሬት ላይ ካደረገ፣ የፎስተሩን ወረቀት ጠይቂያቸው። ከዚያም ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።